እጀታ የሌለው መስኮት

«እጀታው የታለ?» አለች ቴክላ፣ የመኝታ ቤቱን መስታወት ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ እየዳበሰች።

«የለውም።»

«እንዴት የለውም? መስኮት አይደለም እንዴ!»

«ብርሃን ነው እንጂ መስኮት አይደለም ይል ነበር» አለች ሂልደጉንድ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች።

ባሏ፣ አርክቴክቱ ፎልክማር፣ አጠገቧ ተጋድሟል። ሐኪሙ ሞቱን አረጋግጦ ገና መውጣቱ ነው። የታችኛው ቤት ጎረቤቷ ቴክላ ሮጣ የመጣችው ለነፍሱ መውጫ መስኮት ልትከፍት ነበር። በዚህ በአይፈል ኮረብታ መንደሮች ሰው ሲሞት ከሁሉ በፊት የሚደረገው ይህ ነው። እንኳን ለሞተ፣ ለቆመም ቢሆን፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቷን ወለል አድርጋ ቤቷን የማታናፍስ ሴት በሰፈሩ ስሟ በደግ አይነሳም። ሂልደጉንድም እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ በደግ ተነስታ አታውቅም።

«ታዲያ በየት ይውጣ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የሠራው እሱ።»

ቴክላ አማተበች። «ሙት አይወቀስም፣ ሂልዴ።»

«በቁሙስ መች ተወቅሶ ያውቃል!»

ቀብሩ እስኪደርስ ቤቱ በሰው ተሞላ። የመጡት ግን ከሐዘንተኛዋ ይልቅ ጣሪያውን ነበር የሚያዩት። እጇን ይጨብጡና አንገታቸውን ቀና አድርገው ግድግዳውን ይዳብሳሉ።

«ሁሉም ጥቁር በጥቁር» ብላ ሹክ አለቻት ቴክላ፣ ኬክ እየቆረሰች። «ለካ ይወዱት ኖሯል።»

«አርክቴክቶች ናቸው። ለሰርግም እንደዚሁ ነው የሚለብሱት።»

በቀብሩ ዋዜማ ዶክተር አንስጋር መጣ። በፎልክማር ስም የቆመው ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ፍርፋሪ የተነሰነሰበትን የቀብር ኬክ በሹካ ጫፍ እየነካካ፣ «ወይዘሮ ክሌፊሽ፣ ነገ ሚኒስትሩ ባለበት ላበስር ያሰብኩት ነገር አለ» አላት ሂልደጉንድን። «ይህ ቤት እንዳለ ይጠበቃል። አንዲት ሚስማር አትነካም። እርስዎም እስከ መጨረሻው ይኖሩበታል። የእርስዎ እሺታ ብቻ ነው የቀረን።»

«መኝታ ቤቱ መስኮት ይውጣለትና እሺ።»

«ምን?»

«የሚከፈት መስኮት። አንድ ብቻ። የቴክላ ባል ግንበኛ ነው፣ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።»

ሰውየው የቀለደች መስሎት ሳቀ። «እመቤቴ፣ በዚያ ግድግዳ ላይ? ማርያም ሥዕል ላይ ጢም እንደመሳል እኮ ነው!»

አልሳቀችም። ፎልክማር እንደ ተገለበጠ ጀልባ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሲያስመርቅ፣ ኮረብታው ላይ ላቆመው ቤተ መጻሕፍት ሲሸለም፣ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሰምታዋለች። «ግድግዳ ዝምታ ነው» ይላል፤ ሰው ያጨበጭባል። እውነተኛውን ነገር የነገረው ለእሷ ብቻ ነው፤ የዚህ ቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ጭቃው ዳር ቆመው። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር። ቤታቸው በየስንጥቁ ነፋስ ይገባበታል። እናቱ የዱቄት ጆንያ ብትወትፍበትም አልመለሰውም። ታናሽ ወንድሙ ዮስት አንድ ክረምት ሙሉ በዚያ ብርድ ታሞ አጠገቡ ተኝቶ ከረመ፣ ለጸደይ ግን አልደረሰም። «በእኔ ቤት ነፋስ አይገባም፣ ሂልዴ» አላት። ያኔ ፍቅር መስሏት ነበር። ምናልባትም ነበር። ግን የተጠበሰ ሽንኩርት እስከ ማግስቱ በሚሸትበት ቤት፣ ጣሪያው ውስጥ ያለ ማሽን የሚተነፍስላትን አየር እየሳበች ያረጀችው እሷ ናት።

«የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» አለ ዶክተር አንስጋር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በንግግሬ ባነሳው…»

«"ክፈችው።"»

«ክፈችው!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ድንቅ ነው። ብርሃኑን ማለቱ ነው።»

«የለም፣ መስኮቱን። ትንፋሽ አጥሮት እጁን ወደ መስታወቱ ዘረጋ። አይከፈትም አልኩት። "ትንሽ ብቻ" አለኝ። "ፎልክማር፣ አንተ እኮ ነህ የሠራኸው" አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

ሹካው ሳህኑ ላይ ተቀመጠ። ቴክላ ወደ ጓሮ በር ዞረች።

«ይህን…» አለ ሰውየው፣ «ይህን እንኳ ባናነሳው።»

«እርስዎ አያነሱትም። ቤቱ እንዳለ ይኖራል ብለው ነገ ቢናገሩ ግን፣ ከመቃብሩ አፋፍ ተነስቼ እኔ አነሳዋለሁ። በሚኒስትሩም ፊት።»

«ሥራውን ያጠፋሉ!»

«መስኮት ነው የማስወጣው። ኬክዎን ይጨርሱ።»

አልጨረሰም። ኮቱን ይዞ ወጣ፣ እንግዶቹም እየተንሾካሾኩ ተከተሉት።

«ባሌን ልላከው?» አለች ቴክላ።

«ከቀብር መልስ። መዶሻውን ይዞ።»

ብቻዋን ስትቀር ገና አልመሸም። ያ ከባድ የውጭ በር በራሱ ጊዜ ተዘግቷል፤ ማንም መዝጋት እንዳይረሳ ብሎ ፎልክማር እንዲያ ነው የሠራው። ከመደርደሪያው የነሐስ ሽልማቱን አወረደች፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ከሥሩ ወተፈችው። የኅዳር ነፋስ ገባ። መጋረጃ በሌለው ቤት የሚያንቀሳቅሰው ነገር አጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የሐዘን ካርዶች ወለሉ ላይ በተናቸው። ጣሪያው ውስጥ ያለው ማሽን ማልቀስ ጀመረ። ተወችው።

«እንግዲህ ውጣ» አለች።

ግን ከበሩ ተመለሰች። የፎልክማርን የአንገት ልብስ ከመስቀያው አነሳችና ባዶው ወንበሩ ላይ፣ ትከሻው ያርፍበት የነበረው ጋ፣ ሁለቴ አዙራ ጠቀለለችለት።