የቻንድራጉፕታ ጾም

መኳንንት ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ጆሮው ግን ተማሪ ቤት እንደቀረ ነው። አንዴ የሰማው ነገር አይጠፋበትም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቫኑን ማኪኒ ከተማ ካለ አንድ ቤት ደጃፍ ፓርክ ያደርግና መምህር ፓድማራጅን ከነዊልቸራቸው ጭኖ አዲሰን ወደምትባል ከተማ፣ ወደ ኩላሊት እጥበት ይወስዳቸዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ማይሶር በምትባል የሕንድ ከተማ አርባ ዓመት ታሪክ አስተምረው፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሱጃታ ወደ ቴክሳስ አመጣቻቸው። እዚህ የቀራቸው ተማሪ ሹፌራቸው ብቻ ነው።

ስሙ የንጉሥ ሹማምንት ማለት እንደሆነ የነገራቸው ቀን ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያስ አንተ የእኔ መሀማትራ ነህ» አሉት። መሀማትራ የጥንቱ የሕንድ ንጉሥ የአሾካ ሹም ነው፤ በየአውራጃው እየዞረ የሕዝቡን ኑሮ የሚያይ። አሾካ ድንጋይ ላይ ያስቀረጸውንም ነገሩት፦ ማዕድ ላይ ብሆን፣ እልፍኝ ብገባ፣ አትክልት ቦታ ብወርድ፣ የሕዝቤን ጉዳይ የያዘ ሰው በማናቸውም ሰዓት ይግባና ይንገረኝ።

መኳንንት የሰማውን ሁሉ ቤቱ ይዞት ይገባል።

«ሶ፣ ዛሬስ የትኛው ንጉሥ ሞተ?» ትለዋለች ሚስቱ ጥሩወርቅ፣ የሆስፒታል ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ።

«ዛሬ የሞተ የለም። ከነዘውዱ ነው የተውነው።»

«ተመስገን! ያንተ ሰዎች ሳይገዳደሉ የዋሉበት ቀንም አለ ማለት ነው።»

የመምህሩን ታሪክ የሚለካው መንገዱ ነበር። ቫኑ ሲቆም ታሪኩም ይቆማል። በክፍያ በሚነዳበት ቶልዌይ ላይ መኪና ከተጋጨ አንድ ሥርወ መንግሥት ተነሥቶ ይወድቃል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ደግሞ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሳይወጣ አዲሰን ይደረሳል።

የዐቢይ ጾም ገብር ኄር ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ወደ አሾካ አያት ወደ ቻንድራጉፕታ ተመለሱ።

«ሰሜኑን በሙሉ ገዛ። ሰላዩ ያልገባበት መንደር፣ ሹሙ ሚዛን ያልመረመረበት ገበያ አልነበረም። በመጨረሻ ዘውዱን ለልጁ ተወና አንድ መነኩሴ ተከትሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ እኔ አገር ወረደ። ተራራ ላይ ወጣ። ጾም ጀመረ።»

ቫኑ ቆመ። «የቀረውን ሐሙስ» አሉ።

መኳንንት የቀረውን በሐሳቡ ራሱ ጨረሰው። ንጉሡ ጾሙን ፈጽሞ፣ ፊቱ በርቶ ከተራራው ሲወርድ፣ ሕዝቡም ምግብ ይዞ ከግርጌ ሲጠብቀው ታየው። እሱ የሚያውቀው ጾም ሁሉ ፋሲካ አለው።

ሐሙስ ዕለት መምህሩ ገና ከሰፈሩ ሳይወጡ ተናገሩ። «እኔም ጀምሬያለሁ። የቻንድራጉፕታን ጾም። ለሱጃታ እንዳትነግር።»

መኳንንት ደስ አለው። የሥራ ባልደረቦቹ «አሁንም ሥጋ አልተፈቀደልህም?» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እነሆ ከጀርባው ጾመኛ ተቀምጧል። ጾም በስውር እንደሚጾም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ የሌላውን ጾም ማውራት ለእሱ ከመግደፍ አይተናነስም። እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቀም። በመስተዋቱ አያቸውና ለጾመኛ የሚባለውን አለ፦

«እግዚአብሔር ያስፈጽምዎ።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እናንተ ለዚህ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?»

«አሜን።»

«አሜን» አሉ።

ሱጃታ ከእጥበቱ በኋላ የሚጠጡትን ሼክ የሚባል ገንቢ መጠጥ በጠርሙስ አድርጋ ለመኳንንት ትሰጠው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሼኩን ፓርኪንጉ ዳር ሣር ላይ ይደፋዋል። በመምህሩ ሃይማኖት ጀምበር ከጠለቀች አይበላም፤ ስለዚህ ልጃቸው ከቢሮ ስትመለስ «በቀን በላሁ» ይሏታል። ቀን አብሯቸው የሚውል ሰው የለም።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ ሱጃታ በር ላይ ጠበቀችው። «ከክሊኒኩ የአባቴ ክብደት ቀንሷል ብለው ደወሉልኝ። ሼኩን ይጠጣሉ?»

«ጠርሙሱን ባዶውን ነው የምመልሰው» አለ። አልዋሸም።

«ኦኬ። የሆነ ነገር ካየህ ኮል አድርግልኝ። ሚቲንግ ላይ ብሆንም፣ በማንኛውም ሰዓት።»

«እሺ» አለ። ያን ቀን ዊልቸሩን ወደ ቫኑ ሲገፋ ባዶ ወንበር የገፋ ያህል ቀለለው። ጾም ሰውን ያቀላል ብሎ አለፈው።

በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዊልቸሩ በረንዳው ላይ አልነበረም። ሱጃታ በሩን ስትከፍት ዓይኗ ቀልቷል።

«ወደ እጥበቱም አልሄድም አሉ። ምግብ ካቆምኩ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

አልፏት ገባ። መምህሩ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል።

«መምህር፣ የንጉሡን መጨረሻ እኮ አልነገሩኝም።»

«እንዳወቅኸው ነበር የመሰለኝ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል። የእኛ ትውፊት ግን እዚያው ተራራ ላይ ሞተ ይላል። ጾሙ ማለቂያው እሱ ነው። ተስሎ ገብቶበት፣ በሰላም ፈጸመው።»

መኳንንት አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። የዕለቱ ጠርሙስ ኮመዲኖው ላይ ነበር፤ አንሥቶ ክዳኑን አላቀቀ።

«አላወቅሁም መምህር። የእኛ ጾም ያልቃል፤ ይኸው እሑድ ፋሲካ ነው። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይግደፉልኝ። አንድ ጉንጭ ብቻ።»

መምህሩ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ። ክብደት አልነበረውም። «ያስፈጽምዎ ያልከኝ አንተ አይደለህም? እስከዚያ ቀን እፈራ ነበር። አንተ ስትመርቀኝ ፍርሃቱ ለቀቀኝ።»

«ታውቅ ነበር» አለች ሱጃታ ከጀርባው።

«ሼኩን የምደፋው እኔ ነኝ።»

አልጮኸችበትም። «ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ብትነግሪኝ ኖሮ መላ ነበረው አለኝ። አሁን ልባቸው ሕክምናውን አይችልም።» ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደች። «ጠይቄህ ነበር እኮ። በር ላይ ቆሜ ጠይቄህ ነበር።»

ወጣ። በሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ቫኑ ውስጥ ገብቶ ስልኩን አነሣና የንስሐ አባቱን ቁጥር አየው፤ መልሶ አስቀመጠው። ሕማማት ነው፤ እስከ ቅዳሜ ኑዛዜም ፍትሐትም የለም። ቢኖርስ፣ የገዛ ምርቃቱን እንዲያነሡለት ምን ብሎ ይለምናቸዋል?

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ ተሳፋሪ የሚልክበት ታብሌት ይጮኻል። ሪፖርት ካላደረገ ዝም አይልም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፦ ተሳፋሪው ተሳፍሯል፣ ተሳፋሪው አልመጣም። መኳንንት የመምህሩን መስኮት እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁለተኛውን ነካው።

ታብሌቱ አመሰገነውና ፎርት ዎርዝ የሚጠብቁትን ሴትዮ አድራሻ ላከለት።