እስከ ገና ዝግ ነው

ከባሕሩ ጭቃ ለመብል የምንለቅመው ዛጎል እስከ ገና እንዳይነካ የወሰንነው እኛው ለቃሚዎቹ ሴቶች ነን። ትንንሾቹ ይደጉ፤ ለገና የማድሪድ ሰው በዋጋ አይከራከርም አልን። ዳርቻውንም በየተራ ጠበቅን።

ከእኛው አንዷ ኦብዱሊያ አንድ ባልዲ ሞልታ ስትወጣ አለቃችን ኤርሚኒያ ያዘቻት።

«ለቤቴ ነው፣ ለሾርባ» አለች ኦብዱሊያ።

«እኛስ ቤት የለንም?»

የመልቀሚያ ፈቃዷን ቀማናት። ባልዲውን ግን ከእጇ ለመንጠቅ የደፈረ የለም። አሁንም ቢሆን አጠፋን አልልም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ወንዙ ሞልቶ የዳርቻውን ባሕር ጨው በሌለው ውሃ አጥለቀለቀው፤ ዛጎል ደግሞ ጨው ካጣ ይሞታል።

ለቀማው በሚከፈትበት ጠዋት ውሃው ሲሸሽ ጭቃውን በመቧጠጫችን ገለበጥን። ዛጎሉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ሞቷል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ኤርሚኒያ የዛጎል መጠን መለኪያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች።

ኦብዱሊያ ከባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ሆና ታየናለች። ስድቧን ጠበቅን። እሷ ግን ቦቲዋን አጥልቃ ወረደችና ከጎኔ ጎንበስ ብላ የሞተውን ወደ ከረጢት መክተት ጀመረች።

«አንቺ ፈቃድ የለሽም እኮ» አለች ኤርሚኒያ።

«ለሬሳም ፈቃድ ትጠይቃላችሁ?»

 ከረጢቱን አብረን ስንሞላ፣ ከሁላችን የዘንድሮውን የቀመሰችው እሷ ብቻ መሆኗ ትዝ አለኝ።

«ሾርባው እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ጥሩ ነበር» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።