አጥር ውስጥ የተሮጠ አምስት ኪሎ ሜትር

ካናቴራዎቹን ገልብጣ ነው የምትተኩሳቸው። የታተመበትን ፊት ካውያ ከነካው ቀለሙ ቀልጦ ይነሳል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳታውቅ የአማቷን ካናቴራ በፊት ለፊቱ ተኩሳው፣ ሟች ባሏ በእናቱ ደረት ላይ ያለ አፍንጫ አምስት ኪሎ ሜትር ሮጧል። ከዚያ ወዲህ ዘጠኙንም ገልብጣ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋባቸው ነው የምትተኩሳቸው። ሙያዋ የሆስፒታል ልብስ መተኮስ ነው። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ ዓይኗን ሳታሽ ታወጣለች፤ የባሏ ፊት ላይ ሲደርስ ግን ዛሬም እጇ ይፈራል።

ዘጠኝ ካናቴራ ማለት ዘጠኝ ሰው ማለት ነው። ባሏ፣ የአውቶቡስ መካኒኩ፣ በኩላሊት ሕመም ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። በሞተ በዓመቱ ለኩላሊት ሕሙማን ገንዘብ ማሰባሰቢያ የጎዳና ላይ ሩጫ ተዘጋጀና ቤተሰቡ ፎቶውን ካናቴራ ላይ ከፊትም ከኋላም አሳትሞ ወጣ። ደግ ነበር፤ ማንም ክፉ አይለውም። ግን ይህ ቤተሰብ አንድ ነገር ከጀመረ ማቆም አያውቅም። ለኩላሊት የተጀመረው ለልብ ቀጠለ፣ ከዚያ ለዓይን፣ ከዚያ ለአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ። ሰውየው በሕይወቱ ከጋራዥ እስከ ቤቱ እንኳ በእግሩ ሄዶ አያውቅም፤ ከሞተ በኋላ በዓመት አራት ጊዜ መሮጥ ተፈረደበት።

ሚስቱ ላይማ ከዚያም የባሰ ነው የተፈረደባት። በመጀመሪያው ሩጫ መነሻው ላይ ሰው ሲገፋፋ ወደቀችና ትንሽ ተረገጠች። ያን ቀን የባሏ ታላቅ ወንድም፣ የስፖርት አስተማሪው፣ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ስምንቱ ዙሪያዋን ይከቧታል። እሱ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አድርጎ ከፊት፣ የአጎት ልጆች በግራና በቀኝ፣ የሥራ ባልደረባዋ ሳቂታዋ ከጎን፣ አማቷ እማማ ደግሞ ልክ ከኋላዋ። ስሙንም «አጥር» አሉት። ሕጉ አንድ ነው፦ አጥሩ በእማማ ጉልበት ልክ ይሄዳል፣ መድረሻውንም ማንም ቀድሞ አይረግጥም፤ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚገቡት። ካሜራ የያዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እሷ ደግሞ መሃል ሆና ከአስተማሪው ጀርባ ሌላ የምታየው ነገር የለም።

ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ልጅ አልወለደችም። የምትኖረው እማማ ግቢ ውስጥ፣ ባሏ በሠራው ጓሮ ክፍል ነው። እማማ ዛሬም «ሙሽራዬ» ነው የምትላት። ሙሽራዬ በልተሻል ወይ፣ ሙሽራዬ ብርድ እንዳይመታሽ። ከሰርጉ ይልቅ ቀብሩ የቀረበባት ሙሽራ። አንድ ቀን እንኳ አምርራ «ስሜን ጥሪኝ» ብላ አታውቅም፤ አሮጊቷ አንጀቷን ትበላታለች።

እንግዲህ ከዐሥር ቀን በፊት ደብዳቤ ደረሳት፤ ለሳቂታዋ ብቻ አሳየቻት። በአውቶቡስ ስምንት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ አዲስ ሆስፒታል ተከፍቷል። የልብስ ንጽህና ክፍሉን ኃላፊ ሆነሽ ነይ፣ ማረፊያ ክፍልም አለሽ ይላል። ስትደውል የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ በደግነት አነጋገረቻት። «አስቢበት የኔ እህት። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ እሺ ወይም እምቢ በይኝ። ከዚያ ካለፈ ግን ለተጠባባቂዋ ነው የምደውለው፤ እኔም አዛዥ አለኝ።»

እሺ ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እሷ ግን ለእማማ ሳልነግር እሺ አልልም ብላ ለራሷ ማለች። ከጀርባዋ ተደራድራ ሻንጣ አንጠልጥላ መውጣት ነውር መሰላት። ለዚህች ጨዋነቷ ነው ዐሥር ቀን እንቅልፍ ያጣችው።

ሞክራ ነበር። አንድ ማታ ራት ላይ ጉሮሮዋን ጠራርጋ «እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አለች።

«ጨው አነሰው?»

«አይ፣ ጨዉ ልክ ነው።»

«እሱን ብዬ። እጄ ሰሞኑን ከዳኝ።» በዚሁ ነገሩ ተዘጋ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ሳይታወቃት ዓርብ መጣ። ዘጠኙን ካናቴራ ተኩሳ አጣጠፈችና ነገ ውኃ ማደያው ጋ ስንቆም እነግራታለሁ ብላ ተኛች። ውኃ ማደያው ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ አጥሩ ሁልጊዜ እዚያ አምስት ደቂቃ ያርፋል።

ሩጫው አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ነበር። ግን ንግግር አለ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ድምፅ ማጉያውን ይቀበለዋል። አስተማሪው እንደ ልማዱ የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ በእማማ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ከተተ። ይህም ሕግ ነው፤ አንድ ዓመት የአጎት ልጅ እየሮጠ ሲቀርጽ ስልኩም ጥርሱም ተሰብሯል።

«የኔ እኔው ጋ ይሁን፣ ኪሴ ውስጥ» አለች።

«ስትሮጪ ይመታሻል። ምን ያደርግልሻል? የምትወጃቸው ሁሉ እዚሁ ናቸው» አለና ከእጇ ወሰደው። ሳቂታዋ ሳቀች። ሳቂታዋ በሁሉም ነገር ትስቃለች፤ የደመወዝ ቀን ሲዘገይም ትስቃለች።

ሲነሱ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኖ ነበር። በልቧ አሰላችው። እማማ በደህና ጉልበቷ አምስቱን ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ትጨርሳለች። አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይደርሳሉ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይተርፋታል። ይበቃል።

እማማ ግን ዛሬ እግሯ አልፈታ አለ። መጀመሪያ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታ። ቀጥሎ «እስቲ ይቺን ዳገት ቀስ» አለች፤ ዳገት የሚባል ነገር በቦታው አልነበረም። ሕፃን ያዘሉ አባቶች አለፏቸው። በክራንች የሚሄድ ሰውዬ ሰላምታ ሰጥቷቸው አለፈ። ውኃ ማደያው ጋ ሲደርሱ አንድ ሕንፃ ላይ የተሰቀለው ሰዓት አምስት ከሃያ ይል ነበር።

ውኃዋን ይዛ ዞረች። «እማማ፣ ሰሞኑን ልነግርዎት ያሰብኩት...»

«ጠጪ መጀመሪያ። ከንፈርሽ ደርቋል።»

ጠጣች። ቀና ስትል አስተማሪው ፊሽካውን ነፋ፣ «አጥር፣ ቦታ ቦታችሁን» አለ፤ ክቡም ገጠመ። አምስት ደቂቃው አልሞላም ብላ ልትከራከር ነበር፣ ግን ማንም ፊቷን አያይም፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ እሷን ከገፊ እየጠበቀ ነው።

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሿ ያጥራት ጀመር። ከመሮጥ አይደለም፤ መች ተሮጠና። ግራው የአጎት ልጅ ትከሻ፣ ቀኙ የሳቂታዋ ክርን፣ ፊት ለፊት በአስተማሪው ጀርባ ላይ የታተመው የባሏ ፎቶ፣ እሷው ራሷ በጥንቃቄ የተኮሰችው። ፈጠን ብላ አየች። አስተማሪው ኮቴዋን ሰምቶ «ዛሬስ ጉልበት አለሽ» አለና እሱም ፈጠነ፤ ጎንና ጎኗ ያሉትም ፈጠኑ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ከኋላ «ኧረ ልጆቼ፣ ጉልበቴን» የሚል ድምፅ መጣና ሁሉም ቀዘቀዙ። ወደ ግራ ዘንበል ስትል ጉድጓድ አይታ መስሏቸው ሁሉም ወደ ግራ ዘንበል አሉላት። ልትጮህ ምንም አልቀራትም ነበር። በስምንት ሰው ፍቅር መሃል ቆሞ መጮህ ግን ምን ተብሎ ይጮኻል።

የአራተኛው ኪሎ ሜትር ምልክት ጋ ሲደርሱ የአስተማሪውን የእጅ ሰዓት አሻግራ አየች። ለስድስት አንድ ጉዳይ። ቆመች።

እማማ ከጀርባዋ ጋር ተጋጨች። ክቡ ተደናግጦ ቆመ። አስተማሪው ዞሮ «ምን ሆንሽ? አዞረሽ?» አለ፤ ሁለት ሰዎች ክንዷን ደገፉ።

«አላዞረኝም። ልቀቁኝ። እማማ፣ ስልኬን ይስጡኝ።»

«መሃል መንገድ ላይ ስልክ?» አለ አስተማሪው።

«ሥራ አግኝቻለሁ» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ሌላ ከተማ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት እሺ ካላልኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ዐሥር ቀን ሙሉ ልነግራችሁ እያልኩ አቃተኝ። መሄድ እፈልጋለሁ። እናንተ ምንም አላደረጋችሁኝም። ግን መሄድ እፈልጋለሁ።»

ሯጮች በግራና በቀኝ እየተከፈሉ ያልፏቸዋል። እማማ ቦርሳውን ከትከሻዋ አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዚፑን ግን አልከፈተችውም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ሁሉንም። ሳቂታዋ ከነገረችኝ ዘጠኝ ቀን ሆናት። አትቆጫት፣ እኔ ነኝ አፏን ያላቀቅኳት። ሰው ሲከሳ እያየሁ ዝም አልልም።» መሬት መሬት ታያለች። «ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እንዳትነግሪኝም ፈራሁ። ልትናገሪ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር ጨው፣ ውኃ እያልኩ የዘጋሁብሽ አውቄ ነው። ዛሬ ደግሞ ጉልበቴን አላመመኝም።»

ነገሩ ገባት። የጫማው ማሰሪያ፣ የሌለው ዳገት። ፊቷ ደም መሰለ።

«ስድስት ሰዓት እስኪያልፍ ነው?»

«እስኪያልፍ ነው። ስልኩም ጀርባዬ ላይ ሁለት ጊዜ ነዘረኝ። የሌላ ሰው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩት።»

አስተማሪው «እማዬ!» አለ። እሷ እማማን ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ ዚፑን ከፈተችው፤ ከዘጠኙ ስልክ መሃል የራሷን ፈልጋ አወጣች። ስድስት ሰዓት ከአራት። ሁለት ያልተመለሰ ጥሪ። ደወለች።

«የኔ እህት፣ የት ጠፋሽ?» አለች የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ። «ሁለቴ ደወልኩልሽ እኮ። አሁን ከሦስት ደቂቃ በፊት ለተጠባባቂዋ ደወልኩ፣ እሺ ብላለች። ስሟንም መዝግቤያለሁ። በጣም አዝናለሁ።»

«ገባኝ» አለች። «አዎ። አመሰግናለሁ።» ዘጋችው።

ስምንት ሰው አፏን አፏን ያያል። ሳቂታዋ አጠገቧ ነበረች፤ ከስልኩ የወጣውን ድምፅ ሰምታለች። እማማ «ምን አሉሽ?» አለች።

እውነቱን ብትናገር የሚሆነውን ሁሉ አየችው። አሮጊቷ ታለቅሳለች፣ እግሯ ላይ ልትወድቅም ትችላለች። አስተማሪው ያስታርቃል። እሷም ይቅር ትላለች፣ ምን ታደርጋለች፤ ማታ እማማ ሁለት ዓይነት ወጥ ሠርታ ታጎርሳታለች፣ የበደለችውን ልትክስ ከበፊቱ ይበልጥ ትሳሳላታለች። በሦስት ወሩ ለዓይን ሕሙማን ይሮጣሉ። ካናቴራዎቹን ገልብጣ ትተኩሳለች።

«እሺ ብለውኛል» አለች። «ሰኞ ነይ ብለውኛል።»

ሳቂታዋ ቀና ብላ አየቻት። አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ዘጋችው። ሳቅም አልመጣላትም።

እማማ በረጅሙ ተነፈሰች። ከኃጢአት የዳነች ሰው ትንፋሽ ነበር፣ ሐዘኑም አብሮት አለ። በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። «ተመስገን። እኔ ምክንያት ሆኜ ቀርቶብሽ ቢሆን ምን እሆን ነበር። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«ዐሥራ ሁለት ሰዓት።»

«በጠዋቱ?»

«በጠዋቱ።» ይህን አጣርታ ታውቀዋለች። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው። ውሸቱም አሁን መመለሻ የለውም፤ ሰኞ ጠዋት በስምንት ሰው ፊት ሻንጣዋን ይዛ ካልተሳፈረች ምን ትላቸዋለች።

አስተማሪው ከልማዱ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ። እማማ ክንዱን ያዘችው።

«ተው። ዞር በልላት፣ ትለፍ።»

ዞር አለላት። ከፊቷ አንድ ኪሎ ሜትር ባዶ አስፋልት ነበር። ሥራ የላትም። የምታርፍበት ክፍል ለሌላ ሴት ተሰጥቷል፤ በምትሄድበት ከተማ የምታውቀው ሰው አንድም የለም። እማማ ከኋላዋ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ እንጂ» አለቻት። እየፈራች ሮጠች።