«ይታይ» የምትለዋ ቁልፍ

የድረ ገጽ መተግበሪያ አሠራር እንድማር የተላክሁት በችሎታዬ አይደለም። ከበላይ መሥሪያ ቤት «አንድ ሠልጣኝ ላኩ» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ አለቃችን እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ጠርዙ ላይ «ለመዝገብ ቤት» ብለው ጻፉበት። ፋይል ይደረግ ማለታቸው ነበር። የሰው ኃይል ሹሙ ግን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትሂድ ያሉ መስሎት እኔን ላከኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ከፋይል ጋር ኖሬ ኮምፒውተርን የማውቀው አቧራውን በመጥረግ ብቻ ነው።

አለቃችንን ከኋላቸው «አቶ ይታይ» እንላቸዋለን። የቀረበላቸውን ሁሉ፣ የሰው እንባም ይሁን የወንበር ጥያቄ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ይታይ» ብለው ይመልሱታል። ማን ይየው፣ መቼ ይየው፣ አይጻፍም። ከዚያ ወደ እኔ መደርደሪያ ይመጣል፤ እኔም አየዋለሁ። እስካሁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ውሳኔ የጠየቀ ሰው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። እኛ ቤት ዕንቁላሉ እግር ሳያወጣ ይገማል።

ከነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ የኔ ነው። እናቴ ያለችበት ከተማ ቅርንጫፍ አለን፤ ወደዚያ አዛውሩኝ ካልኩ አራት ዓመት አለፈኝ። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው። ማመልከቻውን ስጽፍ የሚያስቸግራት የመርፌ ቀዳዳ ነበር፤ አሁን ግድግዳ እየዳሰሰች ነው በሩን የምታገኘው ብላ ጎረቤቷ ነግራኛለች። የዓመት ፈቃዴም «ሰው የለንም» እየተባለ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። መልኬን ሳታይ እንዳትቀር ፈርቼ ነበር፤ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም። ይህን ለአለቃዬ ስነግራቸው «ሥልጠናውን ጨርሺና እናየዋለን» አሉኝ።

ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ነበር። አሰልጣኟ ለሁሉም ነገር «ቀላል ነው» ትላለች፤ ያን ስትል ነው እኔ ጭራሽ የሚጠፋብኝ። ከጎኔ የተቀመጠው የንብረት ክፍል ሰውዬ በሦስት ሳምንት አጣርቶ የተማረው የይለፍ ቃሉን መርሳት ነው። እኔ ደግሞ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ገጹ ግማሽ ቀን ነጭ ሆኖ አፈጠጠብኝ። እኛ ቢሮ ሙሉ አንቀጽ ቢረሳ እንኳ ደብዳቤው ወጪ ይደረጋል።

ለማጠናቀቂያ እያንዳንዳችን ለመሥሪያ ቤታችን የሚሆን ነገር እንድንሠራ ታዘዝን። እኔ የደብዳቤ መከታተያ ሠራሁ። አለቃው ደብዳቤውን ከፍተው ከሦስት ቁልፎች አንዱን ይጫናሉ፦ «ይፈጸም»፣ «አይፈጸም»፣ «ይታይ»።

«እትዬ፣ ይቺ ‹ይታይ› ስትጫን ምን ትሠራለች?» አለችኝ አሰልጣኟ።

«ምንም።»

«ምንም የማይሠራ ቁልፍ ምን ያደርጋል?»

«የኛን ቢሮ አላየሽውማ፣ ልጄ።»

ሳቀች። «ቃሉ ይታይ አይደል የሚለው? በቃ ይታያላ! ቀላል ነው» ብላ አምስት መስመር ጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲያ «ይታይ» የተባለ ደብዳቤ ለገባ ሰው ሁሉ በፊት ገጹ ላይ፣ ከተጻፈ ጀምሮ ስንት ቀን እንደጠበቀ ተቆጥሮ ይወጣል። ምን ታድርግ፣ የቢሮ ቋንቋ አልተማረችም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ኋላ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ ዘጋሁት።

የምረቃው ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። የፈጠራ ደብዳቤ መጻፍ ስለማልችል ያስገባሁት እውነተኛውን ነበር፤ መደርደሪያዬ ላይ የተኙትን አርባ ደብዳቤዎች። አለቃችን መከታተያውን እንዲሞክሩ ተጋብዘው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የሚያውቋትን ቃል ሲያገኙ ፊታቸው በራ። ይታይ። ይታይ። ይታይ። እንዲህ ተቀላጥፈው ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።

ከኋላቸው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የተጣለው የፊት ገጽ መሙላት ጀመረ። የጡረታ ጥያቄ፣ 903 ቀን። የተሰበረ መስኮት፣ 2,011 ቀን። ዝውውር፣ በእናት ሕመም ምክንያት፣ 1,512 ቀን።

የእንግዶቹ መሪ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይሄ የእናት ሕመም የሚለው የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ።

አለቃችን ዞር አሉ። አዩ። «አጥፊው! ምን ትጠብቂያለሽ፣ አጥፊው!»

«ማጥፋት አልተማርንም፣ ጌታዬ። የአራተኛ ሳምንት ትምህርት ነው ተብሏል።»

አራተኛ ሳምንት ደግሞ አልነበረም። ደብዳቤ ከግድግዳው የሚወርደው ውሳኔ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ «አይፈጸም» እንዳይሉ መተግበሪያው ምክንያት ጻፉ ይላቸዋል። ስለዚህ እያላባቸው አርባውንም «ይፈጸም» አሉ። አንዱን መኪና ለሁለት ክፍል ፈቀዱ። አምስት ዓመት የተኛ ሥራ በሩብ ሰዓት አለቀ፤ እንግዶቹም በውሳኔ ሰጪነታቸው ተደንቀው የምስጋና ወረቀት ሰጧቸው። እሳቸው አሁን ስለ ቅልጥፍና ንግግር ያደርጋሉ።

እኔ በሳምንቱ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ በር ላይ ደረስኩ።

«ማነው?» አለች። ፊቷን ያዞረችው ወደ በሩ መቃን ነበር። እኔ ከመቃኑ በስተቀኝ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እጇን ሰደደች። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን በጣቶቿ ፈለገች፤ ሳገኛት የምስቅ መስሎኝ ነበር፣ በንዴት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አርባ ደብዳቤ ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው። ሩብ ሰዓት!

እንባዬን በመዳፏ ጠረገችና ጣቶቿን ወደ ፀጉሬ አሻገረች።

«ሸብታለች ይሉኛል፣ እውነት ነው?»

«ውሸታቸውን ነው፣ እማዬ» አልኳት። «አንድም የለኝም።»