ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶ ቤቱ ሳሎን ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት የሚሠራው የሟች ልጅ፣ አክስቱና አራት የእናቱ ደንበኞች ነበሩ። ደንበኞቹ ሻይ ይዘው በሹክሹክታ ያወራሉ። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስላል፤ ለፈተና ስትዘጋጅ እናቱን "ትወድቂያለሽ" ያላት ተሳስቶ ይሆን?

"እህል ቅመስ እንጂ፣ አንተ ልጅ" አለችው አክስቱ።

"'ሄጄ አነጋግራታለሁ' መልስ ይሆናል?"

"የምን መልስ?"

"የፈተናው።"

አክስቱ ግንባሩን በመዳፏ ነካ አደረገች። ትኩሳት የለውም።

እናቱ ጸጉር ሠሪ ነበረች። በአምሳ ሁለት ዓመቷ ኮሌጅ ገብታ፣ የቢዝነስ ስትራቴጂ ኮርስ ላይ ስትደርስ አሻፈረኝ አለች። "ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ነገር ቁጭ ብዬ አልማርም፤ ፈትነው የኮርሱን ክሬዲት ይስጡኝ።" ኮሌጁም ፈቀደላት። ልጇ የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ፎቶኮፒ እያደረገ ያመጣና ከሥራ ስትመለስ ይጠይቃታል።

በመጨረሻው ምሽት ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ደረሱ።

"ተፎካካሪሽ ዋጋ ብትቀንስ ምን ታደርጊያለሽ? ሀ፣ እኔም እቀንሳለሁ። ለ፣ ሥራዬን ከእሷ ሥራ የተለየ አደርጋለሁ። ሐ፣ ማስታወቂያ እጨምራለሁ።"

"ሄጄ አነጋግራታለሁ።"

"እማዬ፣ እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።"

"እንግዲያው ጥያቄውን ያወጣው ሰውዬ ጸጉር ቤት ከፍቶ አያውቅም።"

"መልሱ 'ለ' ነው። በዚህ አያያዝሽ ትወድቂያለሽ።"

ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ አጠፈችና ገብታ ተኛች። በማግስቱ የደንበኛ ጸጉር እየሠራች ልቧ ቆመ። አኩርፋ ነበር የተኛችው? ወይስ ደክሟት ብቻ?

በሩ ተከፈተ። ከእናቱ ጸጉር ቤት ፊት ለፊት ዐምና ሌላ ጸጉር ቤት የከፈተችው ሴት ገባችና በሩ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

"በምን ዓይኗ መጣች?" አለች አክስቱ በሹክሹክታ። "በግማሽ ዋጋ እየሠራች እህቴን ጸጉር ቤቷን ልታዘጋት የነበረች።"

ልጁ ተነሥቶ ሴትዮዋ ፊት ቆመ።

"እናቴ እርስዎ ዘንድ መጥታ ታውቃለች?"

"የከፈትኩ ሰሞን መጣች። ልትጣላኝ መስሎኝ መቀሴን እንኳ አላስቀመጥኩም። 'አንቺ ቁረጪ፣ ቀለም ቀቢ፤ ሹሩባውን ለእኔ ተዪው። ደንበኛ እንላላካለን፤ ዋጋሽን ወደ ቦታው መልሺ' አለችኝ። ይኸው እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ስንላላክ ነበር።"

"ይኼ እኮ 'ለ' ነው፤ ሥራን መለየት" አለ ልጁ።

"ምኑ ነው 'ለ'?"

"ወረቀቱም ልክ ነው፣ እሷም ልክ ነበረች። ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው 'ትወድቂያለሽ' ያልኳት?"

"ሐዘን አዙሮበት ነው" አለች ከደንበኞቹ አንዷ።

ልጁ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ከአክስቱ ጎን የነበረውን የራሱን ቦታ በእጁ አመለከታት። እሺ አላለችም። ክንዷን ይዞ ወሰዳት። አክስቱ አየችው፣ ሴትዮዋን አየቻት፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጠጋ አለችላት።

እሱ በሩ አጠገብ ዱካው ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም የመጣውን ሰው ሁሉ ተቀበለ።