በሁዳዴ የታረደው በሬ

ደብረ ታቦርን ከላይ እስከ ታች ብታስሱ እንደ እኔ አድርጎ ውሸት የሚፈትል አታገኙም። ጣሊያን ገብቶ ትምህርት ቤታችንን የበቅሎ ጋጥ ሳያደርገው ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ፤ የጎደለውን ከራሴ አመነጫለሁ። ስለዚህ አጎቴ ጋሼ ጌጡ የጨነቃቸው ዕለት ወደ እኔ መምጣታቸው አልገረመኝም።

ጭንቁ ይህ ነው። ጋሼ ጌጡ በመጋቢት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠፍተው፣ ጉና ተራራ ላይ ላሉት አርበኞች በሶና ጨው ሲያመላልሱ ከረሙ። የጎረቤት አፍ መቼ ያርፋል! ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ከጣሊያኑ ምሽግ ጥሪ መጣ፤ «ሰኞ ቀርበህ የት እንደነበርክ ተናገር» የሚል። የረባ መልስ ካልሰጡ ገበያው መሃል ገመድ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል።

«ማሬ፣ እስቲ አንድ ነገር ፍጠሪልኝ» አሉኝ። ሚስታቸው እትዬ አሰለፈች የነጠላቸውን ጫፍ ያኝካሉ።

የፋሲካው ዶሮ ገና ከሆዴ ሳይወርድ እርሳሴን አንሥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ጌጡ ለአክስታቸው ልጅ ሠርግ እስከ ገሳይ ሄደው ነበር። መጋቢት አሥራ አምስት ቀን ሁለት በሬ ታረደ፣ ጠጁ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ጋሼ ጌጡ ሲጨፍሩ ሱሪያቸው ተተረተረ። የሱሪዋን ነገር እኔው ጽፌ እኔው ሣቅሁባት።

ለጎረቤታችን ለመሪጌታ አስረስ አነበብኩላቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰው ማመስገን ግን ማንም አላስተማራቸውም።

«መጋቢት አሥራ አምስት?» አሉ።

«አዎ።»

«በሁዳዴ ሠርግ ደገሳችሁ? በሬም አረዳችሁ? ሙሽሮቹን ማን ዳራቸው፣ ሰይጣን?»

ፊቴ ጋለ። «ጣሊያኑ ምን ያውቃል?»

«ጣሊያኑማ አያውቅም። አስተርጓሚው ግን እስቴ አገር ዲያቆን የነበረ ነው። ታሪክሽ ሱሪው ጋ ሳይደርስ ጌጡ ገመዱ ጋ ይደርሳል! ሂጅ አንብቢ። ውሸታም ነው እውነት ማጥናት ያለበት፤ እውነተኛስ ምን ገዶት!»

ሁለት ብራና ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። አንዱ አጽዋማትና በዓላት የሚቆጠሩበት፣ ሌላው የዕፅ መድኃኒት የተጻፈበት። ተረት የለበት፣ ዘፈን የለበት! እስከ ቅዳሜ ሳነብ እከኩም፣ ኪንታሮቱም፣ የውሻ በሽታውም ሁሉም እኔ ላይ ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ሁሉ ግን አንድ መስመር አገኘሁ፤ ጉልበቱን ቁርጥማት የያዘው ሰው በእርጥብ ሳማ ይገረፍ ይላል። ነገሩ ወዲያው ተገጣጠመልኝ። ጋሼ ጌጡ ጉልበታቸው ታሞ ጣራ ገዳም ጸበል ሲጠመቁ ከርመዋል፤ ከጾሙም ጋር ይስማማል። እዚያ የበሉትን ጥሬ ሽምብራ፣ አብረዋቸው የተጠመቁትን አንድ ዓይና ሽማግሌ፣ ሁሉን ጨመርኩበት። በተለይ ሽማግሌው ድንጋይ ያስለቅሳሉ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ጌጡን ቁጭ አድርጌ ሳስጠናቸው፣ እትዬ አሰለፈች ከአጥሩ ሥር አንድ እቅፍ ሳማ ቆርጠው መጡ።

«አንች ሴት፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጉልበትህን አሞህ የለ?» አሉና ይሸነቁጧቸው ጀመር። የጋሼ ጌጡ ጩኸት ጋፋት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እያነከሱ ወደ ምሽጉ ገቡ። እትዬና እኔ ከበሩ ውጭ ቀረን። እሳቸው ይጸልያሉ፤ እኔ ደግሞ አስተርጓሚው ሽማግሌው ጋ ሲደርስ እንባውን ሲጠርግ ይታየኛል። ብዙም ሳይቆዩ ጋሼ ጌጡ ወጡ፤ ብቻቸውን፣ ዘበኛ ሳይከተላቸው። እትዬ አሰለፈች ተደፍተው መሬት ሳሙ።

«አመኑ!» ብዬ ዘለልኩ። «ሽማግሌውን ነገሯቸው? ሽምብራውንስ? የቱ ላይ አለቀሱ?»

ጋሼ ጌጡ ጉልበታቸውን እያከኩ ቆሙ።

«‹በመጋቢት ጣራ ገዳም ነበርኩ፣ ለጉልበቴ› አልኩ። አስተርጓሚው በጣቱ ቆጠረና ‹ሁዳዴ ነው፣ ልክ ነው› አለ። ጣሊያኑ አሳይ አለኝ፤ ገለጥኩለት። ያን እብጠት ሲያይ ይጋባብኛል ብሎ አፍንጫውን ይዞ አባረረኝ።»

«ታዲያ የእኔ ታሪክ?»

«ሽማግሌሽን ማንም አልጠየቀም። ያዳኑኝ ጾሙና ሳማው ናቸው። አሁን አፍሽን ዝጊና ቅቤ አምጭልኝ።»