ቢራ ፍሪጅ ውስጥ የምታድረው አበባ

የወይዘሮ መድኃኒት ግሮሰሪ ደንበኞች ገና ሳይቀመጡ የሚያነሷት ጨዋታ አንድ ነበረች፤ «አበባዋ ዛሬ ስንት ጠጣች?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ቢራ ፍሪጅ ውስጥ የምታድር አበባ ያለቻት እሷ ብቻ ናት። ሲመሽ አበባዋ የተተከለችበትን የወተት ቆርቆሮ ከነአፈሩ አንስታ ጠርሙሶቹ መሃል ትሸጉጠዋለች፤ ጠዋት አውጥታ ጓሮ፣ መስኮቷ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ታኖረዋለች።

ይህን ጉድ ያመጣው ባሏ አጽብሃ ነው። አጽብሃ የአስጎብኚ ድርጅት ሾፌር ነበር። ፈረንጆቹን ባሌ ተራራ ያደርሳል፤ እነሱ ቀይ ቀበሮ ሲፈልጉ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። አንድ ቀን ሳነቴ አናት ላይ፣ ገደል አፋፍ፣ ቅጠሏ ብርማ አበባዋ ቢጫ የሆነች ትንሽ ነገር አየ። ስሟን የሚነግረው ሰው አጣ። ዘሯን በክብሪት ቤት ይዞ መጣና በረንዳ ላይ ዘራው፤ በሰበሰ። ደግሞ ዘራ፤ ያው። ኋላ ነው የገባው፤ እዚያ ላይ ቀኑ በጋ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ። «የለመደችውን እንስጣት» አለና ቆርቆሮውን ፍሪጅ ከተተው። ሰው ሳቀበት፣ መድኃኒትም ሳቀችበት። ከቀረው ዘር አንዷ በቀለች።

ዘር ሊጨምር ቢመለስ መንገድ ሠሪዎች ገደሉን ለድንጋይ ቆርሰውት አገኘው። እንግዲህ የቀረችው ይቺው የቆርቆሮዋ ናት። አመሏንም ለሚስቱ ነግሯታል። አንዴ ብቻ ታብባለች፣ ዘሯን ትሰጣለች፣ ትደርቃለች። «አንገቷን እስክትደፋ እንዳትነኪያት» ብሏታል።

ሳታብብ እሱ ሄደ። ሰኔ ላይ መኪናው ጎባ መንገድ ተገለበጠ። መድኃኒት አላለቀሰችም። ሰው ደረቱን ሲመታ እሷ ቁጭ ብላ የድንኳኑን ስፌት ታያለች። የሰፈር ወሬኛ ደግሞ መቼ ያርፋል! ልቧ ድንጋይ ነው ተባለ፣ ድሮም አትወደውም ነበር ተባለ። ቢያሟትም ቢያጽናኗትም ለእሷ ልዩነት የለውም፤ የሚሰማት ነገር የለም። ከአርባው በኋላ ግሮሰሪውን ከፈተች፣ ቢራ ከፈተች፣ መልስ መለሰች። ቆርቆሮውን ማስገባትና ማውጣትም አላቋረጠችም። እጇ ከበረደው ቆርቆሮ ላይ ይቆያል፣ ቅዝቃዜው ግን አይታወቃትም። አንድ ነገር ብቻ ትፈልጋለች፤ ዘሩ በስሎ የአጽብሃ ነገር በእሷ እጅ እንዳያልቅ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ።

ጳጉሜ ላይ አበባዋ ተከፈተች። ደንበኞቹ ጓሮ ገብተው አይተው ቀልዱን ተዉት። መድኃኒትም አየቻት። ደስታም ሐዘንም አልመጣላትም። ቢጫ ናት፣ በቃ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ የሰፈሩ ልጃገረዶች በየበሩ እየዞሩ ይዘፍናሉ። የእሷን በር አልፈውታል፤ ሐዘን ያለበት ቤት አይዘፈንም። ይህን ያዘዘቻቸው ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ አዚዛ ናት። አዚዛ ከቀብሩ ወዲህ ለመድኃኒት ምሳ ሳትልክ ውላ አታውቅም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። የአዚዛ ልጅ ኢኽላስ ናት፤ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ብቻዋን። አልዘፈነችም። በቄጤማ የታሰረች አንዲት ቢጫ አበባ በሁለት እጇ አቀረበችላት።

«ሌሎቹ የወረቀት ነው የያዙት» አለች። «እኔ የእውነት አደይ አገኘሁ፣ እዚሁ መስኮትዎ ሥር። ለማንም አልሰጠሁም። ለእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

ካዛንቺስ አስፋልትና ፎቅ ከሆነች ወዲህ ልጅቱ አደይን የት አይታው ታውቀዋለች? ቢጫ አየች፣ አደይ ነው አለች።

ከሥሯ ነው የተቆረጠችው። ዘሯ ገና ለጋ ነው። መድኃኒት ቁጣ ሲነሳባት ተሰማት። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ የመጣላት ቁጣ መሆኑ ራሷን አስደነገጣት። እጇን ብታነሳ በጥፊ ታጠናግራት ነበር። ልጅቱ ግን እንደ ወጉ ምርቃት እየጠበቀች ቀና ብላ ታያታለች።

ለከርሞ በሰላም ያድርስሽ አለቻት፤ አበባዋን ተቀብላ ዳቦ ቆረሰችላት።

አዚዛ በጓሮ በኩል እየሮጠች መጣች፤ ቆርቆሮውን አይታዋለች። አበባዋን መድኃኒት እጅ ላይ ስታይ የልጇን ክንድ ጨመደደች። «ምን አባሽ ነው ያደረግሽው?»

«ተያት፣ አዚዛ» አለች መድኃኒት። «እኔ ነኝ ቁረጪ ያልኳት።»

ኢኽላስ ዳቦውን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። አዚዛ ትመናት አትመናት እንጃ፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ልጇን ይዛ ወጣች።

አመሻሽ ላይ ግሮሰሪው በበዓል ሰው ሞላ። መድኃኒት በልማዷ ጓሮ ወጥታ ጉቶ ብቻ የቀረበትን ቆርቆሮ አነሳች። ለምን እንደምታስገባው አላወቀችም፤ እጇ ለምዷል። ፍሪጁን ከፍታ ጠርሙሶቹ መሃል ሸጎጠችው። ያኔ እጇን በረዳት። ጣቶቿ እስኪያማት በረዳት።

በሩን ሳትዘጋ ቆማ ቀረች። እንባዋ መጣ፤ ሰው እያያት መሆኑን እያወቀች አልጠረገችውም።

«አጽብሃዬ» አለች፣ «እጄ ላይ አለቀብህ።»